ሐዲዱ ባለቤት ሲለዋውጥ

በመርካቶ እህል በረንዳ ሚዛን ፊት ያረጀ ነጋዴ መንገድን የሚያውቀው በኪራዩ ነው። የጎጃም ጤፍ በስንት ተጭኖ ገባ፣ ለአውራጅ ስንት ተከፈለ፣ ምን ተረፈ? እኔም የባቡርን ታሪክ የማየው በዚሁ ዓይን ነው፤ ገንዘቡን ማን አወጣ፣ ሲሰበርስ ማን ጠገነ?

አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ የሚነሣውን ባቡር የመዘርጋት ፈቃድ ሲሰጡ ሥራው የግል ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ሐዲዱን በ1895 ድሬዳዋ አድርሶ ከሰረ። የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ተተክቶ በ1909 አዲስ አበባ አስገባው፤ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር። በ1952 በተፈረመው ውል ግማሹ ድርሻ የኢትዮጵያ ሆነ። ጅቡቲ በ1969 ነጻ ስትወጣ ደግሞ የፈረንሳይ ድርሻ ወደ እሷ ዞረ። ባለቤት ሲቀያየር ሐዲዱ እያረጀ ሄደ። በጥር 1977 አዋሽ ላይ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት ባቡሩን በኮንሴሽን ለግል ሊሰጡ ተነሡ። መጀመሪያ ከደቡብ አፍሪካው ኮማዛር፣ ቀጥሎ ከኩዌቱ አል ጋኒም ጋር ተነጋገሩ፤ ሁለቱም ሳይሳካ ቀረ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር በዚያው ዘመን ቆመ። ጭነቱን መኪና ወሰደው። በየጣቢያው ወርዶ የሚሸጥና የሚገዛው የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኛ ግን ምትክ አላገኘም። ከድሬዳዋ ወደ ድንበሩ የሚሄደው አሮጌ ባቡር በ2005 እንደገና ሰው መጫን ጀመረ።

መስከረም 9 ቀን 2008 የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር መርካቶም ባቡር ደረሳት። ሰማያዊው መስመር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ በአትክልት ተራ፣ በጎጃም በረንዳ፣ በአውቶቡስ ተራና በሰባተኛ አድርጎ ቃሊቲ ይወርዳል። ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከሳሪስ የምትመጣ እናት ከኪዮስኩ ቲኬት ቆርጣ ትሳፈራለች፤ እኛ ዘንድ መጥታ ጤፉን በመዳፏ ዘግና፣ እፍ ብላ፣ ገለባውን አይታ አሥር ኪሎ ታስመዝናለች። ከዚያ ፌስታሏን አንጠልጥላ ወደ ጣቢያው። ለእሷ በዚያ ታሪፍ ደርሶ መመለስ ከአንድ ኪሎ ጤፍ ዋጋ ያነሰ ነበር።

ግንባታው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ተሠራ፤ አገልግሎቱ በኋላ ከፌዴራሉ ኮርፖሬሽን ወደ ከተማ አስተዳደሩ ዞረ። ሕዝብ ማጓጓዝ የከተማው ሥራ ነውና ትክክል ይመስለኛል። ነገር ግን ከ41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ቲኬቱ ግን በብር ይሸጣል፤ በዚያ ታሪፍ ወጪው እንደማይሸፈን ሚዛን የያዘ ሁሉ ያውቀዋል።

የኩባንያውንም፣ የሁለቱን መንግሥታትም፣ የከተማውንም ዘመን ሳየው አንድ ነገር ይደጋገማል፦ ለመሥራት ገንዘብ ይገኛል፣ ለመጠገን አይመደብም። ታሪፉ ለድሃው ዝቅ ይበል፤ ልዩነቱን መንግሥት ይሸፍን። ድጎማው ግን የጥገናን በጀት ለብቻው ይዞ በየዓመቱ በምክር ቤት ይጽደቅ፤ ሕዝቡም ይወቀው። ባቡር ባለቤት የሚኖረው ጠጋኝ ሲኖረው ነው።