ወንፈል ነው ወይስ ሁዳድ?

«እኛ እዚህ ቤት ቤተሰብ ነን» የሚል አለቃ ያለው እስቲ እጁን ያውጣ። ብዙ ሳንሆን አንቀርም። ይህች ንግግር አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው ለመውጫ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው፤ ከኋላዋ «ይህችን ነገር ጨርሰናት እንሂድ» ትከተላለች። ክፍያ የሚባል ነገር አይነሳም። ቤተሰብ ገንዘብ ይጠያየቃል እንዴ!

ነገሩን ከቢሮ አውጥተን ወደ ሰሜን ተራሮች እንውሰደው። የጊች ገበሬዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ እስኪዛወሩ ድረስ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ገብስ ያርሱ ነበር። በዚያ አገር ለብቻ የማይገፋ ሥራ ሲመጣ ወንፈል አለ፤ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን። ቀን በቀን ይመለሳል። ደቦም ቢሆን ደጋሹ እንጀራውንና ጠላውን አቅርቦ ነው፤ ባዶ ሆድ የሚታጨድ አዝመራ የለም።

ሁዳድ ግን ሌላ ነው። ሁዳድ የገዢው ወይም የባለጉልቱ እርሻ ነው። ገበሬው የራሱን በሬ ነድቶ፣ የራሱን ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ይሄዳል፤ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል። እህሉ የሚገባው ግን ከጌታው ጎተራ ነው። አጥር ማጠሩና ጭነት ማመላለሱም አለ። ጉልት በአዋጅ የተሻረው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ገበሬው ለባለመሬት ከነበረበት ግዴታ ሁሉ ነጻ የወጣው ደግሞ በየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ። ከሩቅ ላየው ወንፈልም ሁዳድም ያው ብዙ ሰው አብሮ ሲያርስ ነው። ልዩነቱ ቀኑ ይመለሳል ወይ የሚለው ላይ ነው።

«አለቃችን እኮ እሱም አብሮን ያመሻል» የሚል አይጠፋም። እዚያው ሰሜን ውስጥ፣ ደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት አፄ ቴዎድሮስ ትዝ ይሉናል። ወታደሩ በገበሬ ቤት እየተመራ መብላቱን ትቶ በደመወዝ እንዲያድር የሞከሩ ንጉሥ ናቸው። እኚሁ ሰው በ1860 ዓ.ም. ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት አስጎተቱ። መንገዱ ሲጠረግ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር፤ ያዩ የውጭ ሰዎች ጽፈውታል። ይህ ያስከብራቸዋል። መድፉ ግን የንጉሡ ነበር።

ወደ ዛሬው እንመለስ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆመዋል። ትርፍ ሰዓት በግድ አይሠራም፤ አደጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር፣ አስቸኳይ ሥራ ወይም ሊቋረጥ በማይችል ሥራ ላይ የቀረ ሰው መተካት ካልሆነ በቀር። ሲሠራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው በቀን አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በሳምንት እረፍት ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

ታዲያ ለምን ዝም እንላለን? አዲስ ተቀጣሪ 60 የሥራ ቀን በሙከራ ላይ ነው፤ በዚያ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። በሙከራ ላይ ያለ ልጅ «ፈቃደኛ ነህ?» ሲባል ምን ይበል? ሌላው ዘዴ ሹመት ነው። አዋጁ የሥራ መሪን ስለማያካትት «አስተባባሪ» ተብለን እንሾማለን፣ ደመወዙ ባለበት፣ ምሽቱ ግን ረዘም ብሎ። (ለነገሩ ሕጉ የሚያየው ስሙን ሳይሆን ሥልጣኑን ነው፤ ሰው መቅጠርና ማሰናበት የማይችል፣ በድርጅቱ አመራርም ላይ ሥልጣን የሌለው «አስተባባሪ» መሪ አይባልም።)

ማምሸት ሁሉ ግፍ ነው አላልንም። ሰበር ዜና 11 ሰዓት ተኩልን አይጠብቅም፤ የጋዜጠኛ ሥራ ስንመርጥም ይህን አውቀን ነው። ያመሸነው ታስቦልን ወይ በክፍያ ወይ በእረፍት ከተመለሰ ወንፈል ነው፣ እሰየው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። ከጓደኞቻችን ጋር ያመሸንበትን ቀንና ሰዓት ደብተር ላይ መመዝገብ የጀመርነው ለዚህ ነው።