ጠማማው ቤት

ሰው ሳይጠጣ የሚንገዳገድበት መጠጥ ቤት ነበር። በእንግሊዝ አገር፣ በስታፎርድሺር ግዛት፣ ሂምሊ ከምትባል መንደር አጠገብ የነበረውን ይህን ቤት አገሬው ሁሉ የሚያውቀው «ጠማማው ቤት» በሚል ስም ነው።

በ1765 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የገበሬ ቤት ነበር። በ1830 ገደማ መጠጥ ቤት ሆነ። ዘመኑም የቢራ ዘመን ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጣው የቢራ ሕግ ሁለት ጊኒ ከፍሎ ፈቃድ ያወጣ ግብር ከፋይ ሁሉ በቤቱ ጠምቆ እንዲሸጥ ፈቅዷል።

የአካባቢው ምድር ሆዱ ከሰል ነው። ማዕድን አውጪዎች ከሥር ሲቦረቡሩት መሬቱ ሰመጠ፣ ቤቱም አብሮ ተንጋደደ። አንዱ ጎኑ ከሌላው በ1.2 ሜትር ያህል ዝቅ አለ። በባለመሬቱ በሰር ስቲቨን ግሊን ስም «ግሊን አርምስ» ቢባልም፣ ሰዉ በራሱ ዘዬ «ሳይደን ሀውስ» ይለው ነበር፤ ሳይደን ማለት ጠማማ ማለት ነው። በ1940ዎቹ ለአደጋ ያሰጋል ተብሎ ሊፈርስ ሲል፣ ባለቤቱ የቢራ ጠማቂ ኩባንያ በግንብ ድጋፍና በብረት አስሮ አቆመው። ጠማማነቱ ግን አልተነካም። ጠማማነቱ ነበራ ገበያው!

እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ ብይ ይለቀቅለታል። ብይዋም ዳገቱን ስትወጣ ያያል። ምሥጢሩ ሌላ አይደለም፤ መስኮቱም ግድግዳውም ስለተንጋደደ ዓይን ቁልቁለቱን ዳገት አድርጎ ይፈርዳል። ቢራውን ያልቀመሰ እንኳ ራሱን ይጠራጠር ነበር።

በ2023 ኩባንያው ቤቱን ሸጠ። ብዙም ሳይቆይ፣ ኦገስት 5 ሌሊት፣ በእሳት ጋየ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በአፈር ክምር ተዘግቶ አገኙት። በሁለተኛው ቀን የቁፋሮ መኪና ገብቶ የተረፈውን ግንብ እስከ መሠረቱ ናደው። የወረዳው ምክር ቤት፣ የተስማማሁት ከፎቁ ጥቂቱ እንዲነሣ ብቻ ነው አለ። ፖሊስም ቃጠሎው ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው በሚል ምርመራ ከፈተ። ለካ ቤቱ በብሔራዊው የቅርስ መዝገብ አልሰፈረም ኖሯል! ማመልከቻው የቀረበው ከመቃጠሉ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል ያልቀረው መጠጥ ቤት፣ ለአንዲት ወረቀት ዘገየ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰዉ ወደ ፍርስራሹ ጎረፈ፤ ጡቡ እንዳይወሰድ ጠባቂ ሆነ፤ ቤታችን ይመለስ አለ። በፌብሩዋሪ 2024 ምክር ቤቱ፣ ባለቤቶቹ በሦስት ዓመት ውስጥ ቤቱን ከቃጠሎው በፊት እንደነበረው አድርገው መልሰው እንዲሠሩ አዘዘ። ባለቤቶቹም ይግባኝ አሉ።

«እንደነበረው» ማለት እንግዲህ ጠማማ ማለት ነው። ከሰል አውጪዎቹ ሳያስቡት ያንጋደዱትን፣ አሁን ግንበኛ በውኃ ልክ እየለካ ሊያንጋድደው ነው።