ካምቦሎጆና አደይ አበባ፦ አዲስ አበባ ስንት ስታዲየም ያስፈልጋታል?

ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጋናን በሜዳቸው አስተናገዱ። ጌታነህ ከበደ አገባ፣ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። በወረቀት ላይ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ናት። ጨዋታው የተደረገው ግን ጆሃንስበርግ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም ነው።

በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ቡድኑ ግብጽን 2 ለ 0 ረታ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ይህም "በሜዳችን" የተገኘ ድል ነው፤ ሜዳው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። በኅዳር 2016 ደግሞ ሴራሊዮንና ቡርኪና ፋሶ የኢትዮጵያ እንግዳ ሆነው ሞሮኮ፣ ኤል ጀዲዳ ላይ ተጫወቱ። የአዲስ አበባ ልጅ ቡድኑን በቴሌቪዥን አየ። ባዶ ወንበር፣ የማያውቀው ሜዳ፣ መዝሙሩ በድምጽ ማጉያ።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ መጀመሪያ የአዲስ አበባን ስታዲየም፣ በኋላም የባሕር ዳርን "መስፈርት አያሟላም" ብሎ ካገደ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። አንዱ ወገን "ዋና ከተማዋ የሚመጥናት ትልቅ ብሔራዊ ስታዲየም ሊኖራት ይገባል፣ አደይ አበባ በማንኛውም ዋጋ ይለቅ" ይላል። ሌላው "ውኃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ 62 ሺህ ወንበር ለማን ነው?" ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት አላቸው። የሁለቱም ትዝታ ግን አጭር ነው። ይህች ከተማ በስታዲየም ጉዳይ ረጅም ታሪክ ያላት ናት፣ ክርክሩም ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።

ከስታዲየሙ በፊት ጃንሜዳ ነበር። ጥምቀት ይከበርበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል፣ ወታደር ይሰለፍበታል፣ ኳስም ይጠለዝበታል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠረት ዛሬ የምናውቀው ስታዲየም ገና አልታሰበም። ወዲያው ጣሊያን ገባ። ወራሪው ኳስንም በቀለም ከፈለው፤ የጣሊያኖቹ ክለቦች ለብቻ፣ "የአገሬው" ለብቻ። የጊዮርጊስን ስም እንኳ አስቀይሮ "ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር" አሰኘው። እንግዲህ ከነጻነት በኋላ በከተማዋ እምብርት፣ ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ጎን ስታዲየም ሲቆም የኳስ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተሰየመ። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ካምቦሎጆ ይለዋል፣ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ቃል። የንጉሡ ስም ከግድግዳው ሲወርድ የሠፈሩ ስም ቀረ።

ንጉሠ ነገሥቱ ስታዲየሙን ለምን እንደፈለጉት ለመረዳት ሦስት ዓመታትን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። በ1953 አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። በ1954 አዲስ አበባ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ አስተናገደች። በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ ከተማ ተመሠረተ። አዳራሹና ስታዲየሙ የአንድ ሥራ ሁለት ክፍሎች ነበሩ፤ አንዱ ለመሪዎች፣ አንዱ ለሕዝብ። ከተማዋን የአህጉር መዲና ለማድረግ የሚፈልግ መንግሥት እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልገዋል።

የ1954ቱ ፍጻሜ ጥር 13 ቀን፣ የጥምቀት ሰሞን ነበር። አራት ቡድኖች ብቻ የተሳተፉበት ውድድር ነው፤ ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደርሳለች። በፍጻሜው ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ የምትባለው ግብጽ ሁለት ጊዜ መራች። ግርማ ተክሌ አንዱን መለሰ፣ ወዲያው ግብጾች ደገሙ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በጭማሪ ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ ቀጥሎ መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ለሉቺያኖ የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። የቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፣ በኋላ ከ1964 ጀምሮ እስከ ሕልፈታቸው ካፍን የመሩት። ኢትዮጵያን ከሜዳዋ ያገደው ድርጅት ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችበት፣ ኢትዮጵያዊ አሥራ አምስት ዓመት የመራው ድርጅት ነው። ይህን የሚያነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሱት ለቁጭት ነው፤ ቁጭት ግን መልበሻ ክፍል አይሠራም።

ስታዲየሙ ዋንጫውን ሁለት ጊዜ ደግሞ አስተናግዷል። በ1960 ከአሥመራ ጋር፣ በ1968 ከድሬዳዋ ጋር። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ የአዋቂዎችን አፍሪካ ዋንጫ አስተናግዳ አታውቅም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ማለት ነው። ስታዲየሙ ከነበረበት ብዙም አልተቀየረም፣ ዓለም ግን ተቀየረ። በ1954 አሸናፊ ለመሆን ሣር፣ ደረጃና ሰው ይበቃ ነበር። ዛሬ ካፍ ለእያንዳንዱ ተመልካች የተቆጠረ ወንበር፣ ለቴሌቪዥን የሚበቃ መብራት፣ ደረጃውን የጠበቀ መልበሻና የሕክምና ክፍል፣ ለጋዜጠኛ ቦታ፣ ለአደጋ ጊዜ መውጫ ይጠይቃል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ የሚባሉት የካምቦሎጆ ደረጃዎች ወንበር የሚባል ነገር የማያውቁ ሲሚንቶዎች ነበሩ። ሰው ጋዜጣ አንጥፎ ይቀመጥ ነበር፣ ጎል ሲገባ ደግሞ መቀመጫ የሚባል ነገር አይታወስም።

እዚህ ላይ ትዝታውን ማጋነን አያስፈልግም። 35 ሺህ ሰው ይይዛል የተባለ ስታዲየም ውስጥ መታፈን፣ መገፋፋት፣ መጸዳጃ ቤት ማጣት የተለመደ ነበር። ሴቶች ብዙ የማይደፍሩት ቦታ ነበር። ቢሆንም ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ቡድኑን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሰው ይህ ሜዳ ነው። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ሲያገቡ ድምጹ መስቀል አደባባይን አልፎ ይሰማ ነበር። ከዓመት በኋላ ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ በር ላይ የተጫወተውም እዚሁ ነው። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣ ቡድን በዚህ ከፍታና በዚህ ጩኸት የቀለበሰውን ውጤት ጆሃንስበርግ ላይ በባዶ ወንበር ይቀለብሰው ነበር ወይ? የሜዳ ጥቅም የሚባለው ይኸው ነው፣ ተከራይተው አያገኙትም።

የአትሌቲክሱ ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። ሚያዝያ 2000 ላይ የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና በአዲስ አበባ ስታዲየም ተካሄደ። ሰኔ 1 ቀን 2013 ለተሰንበት ግደይ የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን በ29 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ሰበረች። ውድድሩ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የተደረገ የኢትዮጵያ የማጣሪያ ውድድር ነበር። ቦታው ሄንገሎ፣ ኔዘርላንድስ። በእርግጥ የአዲስ አበባ ከፍታ ለረጅም ርቀት ሰዓት አይመችም፣ ስለዚህ አዲስ ስታዲየም ቢኖርም ሰዓት ፍለጋ ቆላ መውረድ አይቀርም። ቆላ ግን በኢትዮጵያም አለ። አውሮፓ ድረስ ያስኬደው ከፍታው ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል።

ስለዚህ "አያስፈልግም" የሚለው ወገን እዚህ ላይ ይሸነፋል። ለብሔራዊ ቡድን ቻርተር፣ ሆቴልና የውጭ ሜዳ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ አለ። አገር ውስጥ የሚቀር የመግቢያ ትኬት የለም። አሥር ዓመት ያልሞላው ሕጻን ብሔራዊ ቡድኑን በዓይኑ ሳያይ ያድጋል።

"ያስፈልጋል" የሚለው ወገን ግን ስለ መጠኑ መልስ አለበት። የአደይ አበባ የመሠረት ድንጋይ በጥር 2008 ተቀመጠ። ሥራው ለቻይናው የመንግሥት ኮንስትራክሽን ኩባንያ ተሰጠ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ከሁለት ቢሊዮን ብር በላይ ተያዘለት። በ2012 የተፈረመው ሁለተኛው ምዕራፍ ከአምስት ቢሊዮን በላይ። ጣሪያው፣ ወንበሩ፣ መብራቱ፣ ስክሪኑ በዶላር የሚገዛ ነው፤ ብር ሲወርድ ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ትርጉም ያጣል። ቦሌ ላይ በዚያ በኩል ያለፈ ሁሉ ያየዋል፤ ግዙፍ፣ ግራጫ፣ ክሬን የተተከለበት።

ይህ የአደይ አበባ ችግር ብቻ አይደለም። በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ክልሎች እርስ በርስ እየተፎካከሩ ስታዲየም ጀመሩ። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ ነቀምቴ፣ ሌሎችም። ውድድሩ በወንበር ብዛት ነበር። የባሕር ዳሩ ሰኔ 2007 ላይ በኢትዮጵያና ሌሶቶ ጨዋታ ተከፈተ፣ ሕዝቡ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ደስ የሚል ቀን ነበር። ግን ሳያልቅ ተከፈተ። ሳያልቅ ዓመታት ሠራ። በ2014 ሳያልቅ ታገደ። ኮንክሪቱ የቆመው በፖለቲካ በጀት ነው፣ ሪባን ይቆረጥበታልና። መልበሻ ክፍልና የውኃ ቧንቧ ግን ሪባን የለውም። የማላዊው ቢንጉ ስታዲየም በቻይና ብድር የተሠራ፣ ወደ 40 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ ካፍ የፈቀደው ነው። ከኢትዮጵያ እጅግ ያነሰ ኢኮኖሚ ያላት አገር አንድ ሠርታ ጨረሰች፣ ኢትዮጵያ ብዙ ጀምራ ከማላዊ ተከራየች።

ትልቅ ስታዲየም ካለቀም በኋላ መከራው አያልቅም። ሞንትሪያል ለ1976ቱ ኦሊምፒክ የሠራችውን ስታዲየም ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሠላሳ ዓመት፣ ከፊሉን በሲጋራ ላይ በተጣለ ግብር። (ያንን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ረግጣ ወጥታለች፤ ምሩፅ ይፍጠር ሳይሮጥ የቀረበት ነው።) ካናዳ ዕዳውን ችላዋለች። አዲስ አበባ ላይ ግን 62 ሺህ ወንበር በዓመት ስንት ቀን ይሞላል? ብሔራዊ ቡድኑ በዓመት ጥቂት ጨዋታ ነው በሜዳው የሚያደርገው። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ጀምሮ ክለቦቹን ከሜዳቸው አውጥቶ በተመረጡ ከተሞች በየተራ እየሰበሰበ የሚካሄድ ሆኗል፤ ለቴሌቪዥን ቀረጻ ተመችቷል፣ ደጋፊውን ግን ከልማዱ ነጥሎታል። ጊዮርጊስና ቡና በየሳምንቱ የሚጫወቱበት ካልሆነ አደይ አበባ ኮንሰርትና ጉባኤ ሲጠብቅ ይከርማል።

ከሁሉ ይልቅ በዚህ ክርክር ውስጥ ድምጽ ያጣው ካምቦሎጆ ራሱ ነው። "አዲሱ ሲያልቅ አሮጌው ምን ያደርጋል?" የሚል ጥያቄ በሹክሹክታ ይሰማል። ከጎኑ የለገሃር መልሶ ማልማት አለ፣ ከፊቱ በአዲስ መልክ የታነጸው መስቀል አደባባይ። በዚያ አካባቢ የአንድ ካሬ ሜትር ዋጋ ለማንም ባለሀብት እንቅልፍ አያስተኛም። ከተማዋ ግን ለዚህ ቦታ አስቀድማ ከፍላለች። ሁለቱም የቀላል ባቡር መስመሮች "ስታዲየም" የሚባል ፌርማታ አላቸው። ከመርካቶ፣ ከቃሊቲ፣ ከአያት የሚመጣ ወጣት በአንድ ትኬት ደጁ ይወርዳል፤ የቀረው በእግሩ ይመጣል። በአደይ አበባ ደጅ ባቡሩ አያልፍም። በስታዲየሙ ሥር ማልያና ጫማ የሚሸጡት ሱቆች፣ ከጨዋታ በኋላ የሚሞሉት ካፌዎች በዕቅድ የተሠሩ አይደሉም፣ ከ70 ዓመት ልማድ የበቀሉ ናቸው።

ሁለት ስታዲየም ለሚሊዮኖች ከተማ ብዙ አይደለም፣ ሥራቸው ከተለየ። አደይ አበባ ለብሔራዊ ቡድን፣ ለአህጉራዊ ውድድር፤ ኢትዮጵያ የ2029ን አፍሪካ ዋንጫ ለማስተናገድ ጠይቃለችና ያለ እሱ ጥያቄው ወረቀት ነው። ካምቦሎጆ ደግሞ የከተማዋ፦ ለክለቦቹ፣ ለሴቶች ሊግ፣ ለትምህርት ቤቶች ውድድር፣ ጠዋት ለሚሮጠው ሯጭ። ወንበሩ ወደ 20 ሺህ ቢወርድም ምንም አይደለም፤ ሣሩና መጸዳጃው ይሠራ።

በየሰፈሩ የነበረው ሜዳ ሲታጠር፣ ኮንዶሚኒየም ሲቆምበት ማንም ስብሰባ አልጠራም። በአደይ አበባ አንድ ማማ ዋጋ ብዙ የሰፈር ሜዳ ይጠገናል፣ ይህ ሒሳብ ግን ምክር ቤት ቀርቦ አያውቅም። ቢያንስ አደይ አበባ ከመመረቁ በፊት የባህልና ስፖርት ሚኒስቴር አንድ ወረቀት ለሕዝብ ያውጣ፦ ስታዲየሙን በዓመት ለማስተዳደር ስንት ብር ይፈልጋል፣ ማን ይከፍላል፣ የሣሩ ባለሙያ ደሞዝ ከየትኛው ሣጥን ነው የሚወጣው፣ የካምቦሎጆ መሬት ካርታስ በማን ስም ነው ያለው።