ስለ ሁከት፣ ስለ ዐመፅና ስለ ግርግር

በአማርኛ ትምህርት ሰዓት «ሁከት የሚለውን ቃል በዐረፍተ ነገር አግቡ» ስንባል ከተማሪዎች አብዛኞቻችን የምንጽፈው «በከተማው ሁከት ተነሣ» የሚለውን ነው። ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ጉድለት የለበትም፤ ማርክም ያሰጣል። ነገር ግን ያንኑ ዐረፍተ ነገር ይዘን ወደ ታሪክ ትምህርት ብንገባ፥ ማን እንዳስነሣው፣ በማን ላይ እንደ ተነሣ፣ ስለ ምን እንደ ተነሣ አንዳች አይነግረንም። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ፥ የአገራችንን የመናወጥ ዘመናት የምንጠራባቸውን ጥቂት ቃላት ከነአገባባቸው ለመመርመር አስበናል። ነገሩ የሰዋስው ብቻ ቢመስልም ፍርድ አለበት።

ሁከት ከግእዙ «ሆከ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ማነቃነቅ፣ ማናወጥ፣ ጸጥታ መንሣት ማለት ነው። «አወከ»፣ «ታወከ» የምንለውም ከዚሁ ነው። አንባቢ ልብ ቢል፥ «አገሩ ታወከ» በተባለ ጊዜ የሚነገርልን የታወከው ብቻ ነው፤ አዋኪው አይነሣም። በፍርድ ቤት ግን ቃሉ ጥንቁቅ ሥራ አለው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፥ መሬቱን ይዞ በሰላም የሚኖር ሰው ጎረቤቱ ድንበር አልፎ ቢያርስበት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ይችላል። በዚህ ክስ ጥይት አልተተኮሰ፣ ቤት አልተቃጠለ ይሆናል፤ ቢሆንም ሁከት አለ፤ አዋኪውም በስሙ ተጠርቶ ዳኛ ፊት ይቆማል። የታሪክ ጸሐፊዎች ከጠበቆች ይህን ልማድ ቢወስዱ መልካም ነበር። ብጥብጥም የሁከት ወንድም ነው፤ ማር በውሃ እንደሚበጠበጥ፥ ንጹሑና አተላው የማይለይበትን ሁኔታ ያሳያል።

ዐመፅ የሚለው ቃል ግን ዕድሉ የተለየ ነው። በግእዝ «ዐመፃ» ማለት ግፍና በደል ማለት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስም ቃሉን የምናገኘው በዚሁ ትርጉም ነው፤ ድኻውን የሚቀማ፣ ፍርድ የሚያጣምም ሁሉ ዐመፀኛ ይባላል፤ ንጉሥም ቢሆን። ዛሬ ግን «ዐመፅ ተነሣ» ሲባል የምንረዳው ገዥው በደለ ማለት ሳይሆን ተገዥው አልታዘዝም አለ ማለት ነው። ቃሉ ከበዳዩ ወደ ተበዳዩ ተሻገረ። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለቋንቋ ሊቃውንት እንተወዋለን፤ ነገር ግን ተማሪ ሁሉ «የገበሬዎች ዐመፅ» ብሎ በጻፈ ቁጥር፥ የፊተኛው ዐመፅ የማን ነበር ብሎ መጠየቅ የሚገባው ይመስለናል።

ለምሳሌ የጎጃምን ነገር እንመልከት። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ፥ የጎጃም ገበሬዎች መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችንም ሊወሰድ ነው ብለው ሠጉና ተነሡ። ጦር ተላከባቸው። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። እንግዲህ ይህ ተራ ብጥብጥ ቢሆን ኖሮ ገዥ ያሥነሣ ነበርን?

«ሽፍታ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያሳስታል። በ1935 ዓ.ም. በትግራይ፣ ከ1955 ዓ.ም. በኋላም በባሌ የተነሡት ሰዎች በመንግሥት አነጋገር ሽፍቶች ነበሩ። ነገር ግን በትግራዩ ነገር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ጭምር ቦምብ ጥለዋል፤ በባሌም ውጊያው ብዙ ዓመት ቆይቷል። መንገድ ለሚቆርጥ ሌባ ይህን ያህል ድካም አያስፈልግም። ደግሞስ በቋራ በረሓ የሸፈተው ካሣ ኃይሉ አይደለምን በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው? ከዚያ ወዲያ ሽፍታ ያለው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። በ1953 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በአዲስ አበባ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ «የታኅሣሥ ግርግር» ይባላል። ግርግር የገበያ ቃል ነው። «ግርግር ለሌባ ያመቻል» እንዲሉ፥ ሕዝብ ሲተራመስ፣ ከብት ሲያመልጥ የሚሆነውን ያመለክታል። እስቲ ይህን ቃል በቀኖቹ ላይ በየተራ እናግባው።

ታኅሣሥ 4 ማታ፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፥ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጀኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ሚኒስትሮችንና መሳፍንትን አስጠርተው ያዙ። ይህ በምሥጢር የተመከረ ሴራ እንጂ ግርግር አይደለም። ገርማሜ በአሜሪካን አገር የተማሩ ሲሆኑ፥ በወላይታ አውራጃ ገዥ ሳሉ መሬት ለሌላቸው መሬት ለማደል ሞክረው ወደ ጅጅጋ የተዛወሩ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ ሐሳባቸው በአንድ ሌሊት የበቀለ አልነበረም። ታኅሣሥ 5 ቀን አልጋ ወራሹ የአዲሱን መንግሥት መግለጫ በራዲዮ አነበቡ። ለዚህ ትክክለኛው ቃል መፈንቅለ መንግሥት ነው፤ ድንጋይ እንደሚፈነቀል መንግሥትን ከሥሩ ለማንሣት መሞከር ማለት ነው። ታኅሣሥ 6 ቀን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በድጋፍ ሰልፍ ወጡ፤ በዚያው ቀን በጦር ሠራዊቱና በክቡር ዘበኛ መካከል ተኩስ ተከፈተ። ሰላማዊ ሰዎች ከጥይት ለመሸሽ በየመንገዱ ሲራወጡ የታየው ነገር በእርግጥ ግርግር ነው፤ ቃሉን የምንፈቅድለት በዚህ ቦታ ብቻ ነው። ታኅሣሥ 7 ቀን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፥ በአረንጓዴው አዳራሽ ውስጥ፥ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ ራስ አበበ አረጋይ፣ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድና ሌሎችም፥ በጠቅላላው አሥራ አምስት ያህል ሰዎች በጥይት ተደበደቡ። በእጅ የተያዘ፣ መሣሪያ የሌለው ሰው ሲገደል ግድያ ይባላል። አድራጊዎቹ ለድኻ አስበው ነበር ቢባል እንኳ ይህ ቃል አይለወጥም። ንጉሠ ነገሥቱ በአሥመራ በኩል ታኅሣሥ 8 ቀን ተመለሱ። ገርማሜ በዚያው ወር ሞቱ፤ ጀኔራል መንግሥቱም በመጋቢት ወር በስቅላት ተቀጡ።

አንዳንዶች ግርግር የሚለው ስም የወጣው ነገሩን ለማሳነስ ነው ይላሉ። ለኛ እንደሚመስለን ግን አንድ ስም ያገኘው አራት ልዩ ልዩ ነገሮች በአራት ቀን ውስጥ ስለ ተደራረቡ ነው፤ ሕዝቡም በዐይኑ ያየው የመንገዱን ትርምስ ነበርና በዚያ ጠራው።

በ1966 ዓ.ም. ሌላ ቃል መጣ፤ አብዮት። ይህም የግእዝ ሲሆን «አበየ» ማለት እምቢ አለ ማለት ነው። የነጌሌ ቦረና ወታደሮች ስለ ምግብና ስለ ውሃ፣ የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ መምህራን ስለ ትምህርት ፖሊሲና ስለ ደመወዝ እምቢ ሲሉ ቃሉ ልክ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወርደው ሥልጣኑ በደርግ እጅ ከገባ በኋላ ግን አብዮት እምቢ ባይን የሚያስቀጣ ስም ሆነ፤ የተቃወመ ሁሉ «ፀረ አብዮት» ተባለ። ሽብር የሚለው ቃልም ቀድሞ የፍርሃት ስም ነበር፤ «ከተማው ተሸበረ» እንላለን፥ ሁሉም ደነገጠ ለማለት። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን መንግሥት ራሱ ለሥራው «ቀይ ሽብር» የሚል ስም አወጣለት። ብዙ ወጣቶች፥ የኛ እኩያ የሆኑ ተማሪዎችም፥ በዚህ ስም ተገደሉ። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የመታሰቢያ ሙዚየም ግን እነዚሁኑ ሰዎች ሰማዕታት ብሎ ይጠራቸዋል፤ ፎቶግራፋቸውም በግድግዳው ላይ ከነስማቸው ተሰቅሏል።