የተገባ ቃልና የተረሳ ግንብ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ ዎኪንግ የምትባል ከተማ አለች። በከተማዋ ዳርቻ፣ ሆርሴል ኮመን በሚባል ጫካማ መስክ ውስጥ፣ በጡብ ግንብ የታጠረ አንድ ስፍራ ይገኛል። በሩ ቅስት ሆኖ ከላዩ ጉልላት አለው። ላየው ሰው ከህንድ ተነቅሎ የመጣ ይመስላል። ይህ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስለው እንግሊዝ አገር ላይ ለሞቱ ሙስሊም ወታደሮች የተሠራ የቀብር ስፍራ ነው። ለምን ተሠራ? ለምንስ ተረሳ? መልሶ ያቀናውስ ማን ነው?

ወታደሮቹ እነማን ነበሩ?

ጦርነቱ በ1914 ሲነሳ ህንድ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። የዛሬዋ ፓኪስታንም በዚያው ግዛት ውስጥ ነበረች። የህንድ ጦር በዚያው ዓመት መስከረም ወር ማርሴይ ወደብ ላይ ወርዶ ወደ ሰሜን ፈረንሳይና ቤልጅየም ምሽጎች ተወሰደ። ከወታደሮቹ መካከል ሙስሊሞች፣ ሂንዱዎችና ሲኮች ነበሩ። ከሞቃት አገር የመጡ ሰዎች የአውሮፓን ክረምት በጭቃ ጉድጓድ ውስጥ አሳለፉ። ጥቅምት 31 ቀን 1914 ቤልጅየም ውስጥ በተደረገ ውጊያ ኹዳዳድ ኻን የተባለ የፑንጃብ ሙስሊም ጓዶቹ ሁሉ ከወደቁ በኋላ ቆስሎ እያለ መትረየሱን አልለቀቀም። ከህንድ ተወላጆች የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ በመቀበል የመጀመሪያው እርሱ ነው።

ቁስለኞቹ ባሕር ተሻግረው ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ። በብራይተን ከተማ የሚገኘው የቀድሞ ቤተ መንግሥት፣ ሮያል ፓቪሊየን፣ ሆስፒታል ሆነላቸው። እዚያም ለሙስሊሙና ለሂንዱው ወጥ ቤቱና የውሃ ቧንቧው ተለየ። ሙስሊሞቹ ወደ ቂብላ ዞረው የሚሰግዱበት መስክም ተሰጣቸው። ከቁስላቸው ሳይድኑ አጀላቸው የደረሰ ግን ነበሩ። እነዚህ የት ይቀበሩ?

ቃሉ የተገባበት ምክንያት

በኅዳር 1914 የዑስማኒያ ኺላፋ ከጀርመን ጎን ሆኖ በእንግሊዝና በአጋሮቿ ላይ ጂሃድ አወጀ። ጀርመንም ሙስሊም ወታደሮችን ከእንግሊዝ ጦር ለማስኮብለል ብዙ ጣረች። በ1915 በርሊን አቅራቢያ በነበረው የምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ለሙስሊም ምርኮኞች ከእንጨት መስጂድ እስከ መሥራት ደርሳለች። እንግሊዞች ለሙስሊም ሟቾች ደንታ የላቸውም፣ በሃይማኖታቸው ሥርዓት አይቀብሯቸውም የሚል ወሬም ተነዛ።

ዎኪንግ ላይ በ1889 የተሠራው የሻህ ጃሃን መስጂድ ይገኝ ነበር። በእንግሊዝ አገር ከመሠረቱ ለመስጂድነት ታስቦ የተገነባ የመጀመሪያው ነው። የመስጂዱ ኢማም ሙስሊም ሟቾች የራሳቸው የቀብር ቦታ እንዲሰጣቸው ባለ ሥልጣናቱን ወተወቱ። መንግሥትም ከመስጂዱ ብዙም ሳይርቅ ቦታ ሰጠ። ቀብሩ በ1915 ተጀመረ፤ ግንቡ በ1917 ተጠናቀቀ። ሟቾቹ በእስልምና ሥርዓት፣ ፊታቸው ወደ ቂብላ ሆኖ ተቀበሩ። ልብ በሉ፤ ግንቡ በቀብሮቹ ላይ የተሠራ ሳይሆን ዙሪያቸውን የከለለ አጥር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞቱት ሲጨመሩ የሟቾቹ ቁጥር 27 ደረሰ።

ከፖለቲካው በኋላ

የጀርመን ፕሮፓጋንዳ ሲያበቃ፣ የህንድ ቅኝ አገዛዝም በ1947 ሲያከትም፣ እነዚያን ሟቾች ማክበር ለማንም ፖለቲካ የሚጠቅም አልነበረም። የልጆቻቸው አገር ሩቅ ነው፤ ቀብር የሚዘይር ዘመድ በአካባቢው የለም። ስፍራው ለአጥፊዎች እጅ ተጋለጠ። ጉዳቱ እየበዛ ሲሄድ በ1968 አስከሬኖቹ ተነስተው እምብዛም ወደማይርቀው የብሩክዉድ የጦር ሠራዊት መካነ መቃብር ተዛወሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀብር ላይ መቀመጥን እንኳ ከልክለዋል። የኛ ዑለሞችም ያለ በቂ ምክንያት ቀብር አይከፈትም ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ግን ለክብራቸው በተሠራላቸው ቦታ መሰንበት ስላልቻሉ ቀብራቸው ተከፈተ።

ባዶ የቀረው ግንብ በ1984 በቅርስነት ተመዘገበ። መመዝገብ ብቻውን ግን ግንብ አያቆምም። አሮጌ የጡብ ግንብ ጠባቂ ሲያጣ ዝናቡ ከአናቱ ይገባል፤ በክረምት በውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ጡቡን ይሰነጥቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ የበቀለ ተክል ሥሩን እየሰደደ ጡብን ከጡብ ይለያል። ይህ ግንብም ከአርባ ዓመት በላይ በዚህ ሁኔታ ቆይቶ አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ።

ማን አቀናው?

የመስኩ ባለቤት ሆርሴል ኮመንን የሚጠብቅ የአካባቢው ነዋሪዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ከከተማው ምክር ቤትና ከእንግሊዝ ቅርስ ጥበቃ ድርጅት ጋር በመሆን ከ2011 አንስቶ ግንቡን፣ በሩንና ጉልላቱን አስጠገነ። ከዚያም በውስጡ በእስላማዊ የአትክልት ቦታዎች አምሳል የሰላም የአትክልት ስፍራ ተሠራ። መካከሉ ላይ ውሃ አለ። በሟቾቹ ቁጥር ልክ 27 የሂማላያ ዛፎች ተተከሉ። ከህንድ በመጣ ጥቁር ድንጋይ ላይም የ27ቱ ስም ተቀረጸ። ስፍራው በኅዳር 2015 ተመረቀ። አስከሬኖቹ ባይመለሱም ስማቸው ወደ ቦታው ተመለሰ።

አንድ ጥያቄ

ከአድማጮቻችን መካከል «እነዚህ ሰዎች የሞቱት ለቅኝ ገዢ አይደለም እንዴ? ምን ብለን እናስታውሳቸዋለን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚያ ጦርነት የህንድ ሙስሊሞች ኢራቅ ላይ ከዑስማኒያ ሙስሊሞች ጋር ተዋግተዋል። ለደመወዝ የዘመተም፣ ለወገኑ ክብር የዘመተም ነበር። ኒያውን የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው። ሸሂድ ናቸው ወይም አይደሉም ብለን የምንፈርድ እኛ አይደለንም። ነገር ግን ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ጀናዛውን መሸኘት ነው። ቀብርን ማክበር ጦርነቱን ማወደስ አይደለም።

ለኛ ያለው ትምህርት

ይህ ታሪክ ከኛ የራቀ አይደለም። በ1941 ከከረን ምሽግ ጣሊያንን ያስለቀቀው ጦር ውስጥ አራተኛውና አምስተኛው የህንድ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። አምስተኛው ክፍለ ጦር እስከ አምባ አላጌ ዘልቋል። በነዚህ ክፍለ ጦሮች ውስጥ የፑንጃብ ሙስሊሞች ነበሩ። አገራችን ከፋሺስት ወረራ ነፃ ስትወጣ የእነርሱም ደም ፈሷል። ከዚያ በፊት በዓድዋ ከዘመቱት አባቶቻችን መካከልም ሙስሊሞች ነበሩ። የስንቶቹን ስም እናውቃለን?

ውድ አድማጮች፣ ከዎኪንግ የምንማረው አንድ ዋና ነገር አለ። ሰው በሚፈለግበት ቀን ማክበር ቀላል ነው። ኢኽላስ የሚለየው ጥቅሙ ካለፈ በኋላ ነው። ግንቡ ሲሠራ ዓለም ይመለከት ነበር፤ ሲፈርስ ግን ማንም አላየም። መልሰው ያቀኑት ለሟቾቹ የሥጋ ዘመድ ያልሆኑ፣ አብዛኞቹም ሃይማኖታቸው የተለየ ጎረቤቶች ናቸው። ይህን መልካም ሥራ ማመስገን ይገባናል፤ ራሳችንንም እንድንጠይቅ ያደርገናል። በየሰፈራችን ያለው የሙስሊም መቃብር አጥሩ እንዴት ነው? ከብት ይገባበታል? ቆሻሻ ይጣልበታል? እነዚህን ለማስተካከል የሌላ አገር ገንዘብ አያስፈልግም፤ የጀመዓው አንድ ቀን ይበቃል። በየቤታችሁ ያሉ አረጋውያን የዘመቱና ያልተመለሱ ዘመዶቻቸውን ስም ሳይረሱት ጠይቋቸው። ልጆቻችሁም በደብተራቸው ይጻፉት፤ ዱዓም ያድርጉላቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሞቱት ሙስሊሞች ምሕረቱን ይለግሳቸው፤ እኛንም አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።