"ቻይው" ከማለታችን በፊት

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣

ኢዲዶ ሳስተምር በየወሩ ሁለት ቀን የምትቀር ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። "ሆዴን ቆረጠኝ" ትላለች፣ ሌላ ቃል የለም። እኔም በእሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ፤ እናቴ "የሴት ዕጣ ነው፣ ቻይው" ትለኝ ነበር።

ለካ ነገሩ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1957 ተመራማሪው ቨርነን ፒክልስ ከወር አበባ ደም ውስጥ ጡንቻን የሚያኮማትር ንጥረ ነገር ማግኘቱን ጻፈ። ኋላ ፕሮስታግላንዲን መሆኑ ታወቀ። በ1969 አይቡፕሮፌን እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ለመገጣጠሚያ ሕመም ነበር። በ1971 ደግሞ ጆን ቬን አስፕሪንና መሰሎቹ ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት እንደሚያግዱ አሳየ፤ በ1982 የኖቤል ሽልማት ተጋራ። የልጅቷ ቁርጠት ምክንያት ያለው ሕመም እንጂ ሰበብ አልነበረም ማለት ነው።

እናቷን አስፈቅጄ ይርጋጨፌ መድኃኒት ቤት ወሰድኳት። ፋርማሲስቷ ለብቻዋ ጠርታ ስለ ጨጓራ፣ አስም፣ ኩላሊትና እርግዝና ጠየቀቻት። ከዚያ አይቡፕሮፌን ሰጥታ፣ "እስኪብስብሽ አትጠብቂ፤ ሲጀምርሽ ምግብ በልተሽ ዋጪ። ከተጻፈልሽ መጠን እንዳታልፊ። ካልተሻለሽ ወይም ደሙ ከበዛ ጤና ጣቢያ ሂጂ" አለቻት። "አትጠብቂ" ያለችው ለዚህ ነው፦ መድኃኒቱ ፕሮስታግላንዲኑ ሳይበዛ ቢደርስ ይሻላል።

በሚቀጥለው ወር አልቀረችም።

ዛሬ ብዙዎቻችሁ ሴት ልጆች አሏችሁ። "ቻይው" ከማለታችሁ በፊት ፋርማሲስት ጠይቁላቸው።