ለቀብር የተዘረጋው እጅ ለሕመም ሲዘረጋ፤ የሴቶች የተሰወረ ሕመምና የሕክምናው ዋጋ በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ እውነተኛ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን በሽታውን የሚሸሽግ ሁሉ በፈቃዱ የሚሸሽግ አይደለም። አንዱ ከኀፍረት የተነሣ፣ ሁለተኛው ሐኪም ቤቱ ስለ ራቀው፣ ሦስተኛውም ገንዘብ ስላጣ ሕመሙን ይሰውራል። እነዚህ ሦስት ምክንያቶች ባንድነት ከሚገናኙባቸው ደዌዎች አንዱ በሴቶች ኦቫሪ ላይ የሚወጣው ውኃ የቋጠረ ዕጢ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገውም ይህ ሕመም እንዴት ሊታከም እንደ ቻለ፣ ይልቁንም በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው የሕክምናው ዋጋ በማን ትከሻ ላይ ሲወድቅ እንደ ኖረ ነው።

አስቀድሞ ስለ ሕመሙ ጥቂት መናገር ይገባል። በማሕፀን ግራና ቀኝ እንቁላል የሚፈራባቸው ሁለት ትንንሽ አካላት አሉ፤ ሐኪሞች ኦቫሪ ይሏቸዋል። በየወሩ እንቁላሉ የሚበስልበት ከረጢት አንዳንድ ጊዜ ሳይፈነዳ ቀርቶ፣ ወይም ከፈነዳ በኋላ መልሶ ተዘግቶ፣ ውኃ ይቋጥራል። ከእነዚህ ቋጠሮዎች የሚበዙት በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ በራሳቸው የሚጠፉ ስለ ሆኑ ብዙ ሴቶች መኖራቸውን እንኳ ሳያውቁ ያልፋሉ። ሌሎቹ ግን አይጠፉም፤ እያደጉ ሄደው ፊኛንና አንጀትን ይጫናሉ፤ ወገብንና የታችኛውን ሆድ እያመሙ ሥራ ያስፈታሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ዕጢው ከብዶ ኦቫሪው በራሱ ላይ ሲጠመዘዝ ነው። ያን ጊዜ የደም ሥሩ ስለሚታነቅ ድንገተኛና ጽኑ ሕመም ከማስመለስ ጋራ ይነሣል፤ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ካልደረሰ አካሉ ይሞታል። ከዕጢዎቹ ጥቂቶቹ ደግሞ ነቀርሳ ሆነው ይገኛሉ፤ ይህም በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ የሚያሠጋ ነው።

ይህን ዕጢ በቀዶ ሕክምና ማውጣት የተቻለው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ነው። በ1802 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ግዛት፣ ወይዘሮ ጄን ቶድ ክሮፎርድ የሚባሉ የገበሬ ሚስት ሆዳቸው አብጦ ነበርና ሐኪሞቻቸው የመውለጃ ጊዜያቸው ያለፈ እርጉዝ መስለዋቸው ነበር። ዶክተር ኤፍሬም ማክዶዌል መርምረው ነገሩ ፅንስ ሳይሆን የኦቫሪ ዕጢ መሆኑን ነገሯቸው። ሴትዮዋም ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በፈረስ ተጉዘው ሐኪሙ ወደሚኖሩበት ወደ ዳንቪል ከተማ መጡ። ማደንዘዣ ገና ባልታወቀበት በዚያ ዘመን ሆዳቸው ተከፍቶ ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕጢ ወጣላቸው። ሥራውም የፈጀው 25 ደቂቃ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ በሕይወት ኖሩ። ማክዶዌል ደፋር ሐኪም መሆናቸው ሁሉም የሚያወሳው ነው፤ እኛ ግን የሴትዮዋን የፈረስ ጉዞ ማስታወስ እንወዳለን። ሕክምናው ቢኖርም ሕመምተኛይቱ ካልደረሰችበት ከንቱ ነውና።

ሁለተኛው ታላቅ እርምጃ ሆድን ሳይከፍቱ ውስጡን ማየት ነው። በ1950 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ በግላስጎ ከተማ፣ ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቻቸው የድምፅ ሞገድን በመጠቀም የሆድ እብጠትን ስለ መመርመር የጻፉት ጽሑፍ ታተመ። በሥራቸው ውስጥ እጅግ የታወቀው የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ሴትዮዋ የማይድን የሆድ ነቀርሳ አለባት ተብላ ተስፋ ተቆርጦላት ነበር። መሣሪያው ግን ሕመሙ ትልቅ የኦቫሪ የውኃ ዕጢ መሆኑን አሳየ፤ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት ዳነች። ዛሬ አልትራሳውንድ ብለን የምንጠራው መሣሪያ በእርጉዞች ዘንድ ከመታወቁ በፊት ክብር ያገኘው እንዲህ ባለው ሥራ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ የዘመናዊ ሕክምና ጉዞ ከመሐል ወደ ዳር እጅግ በዝግታ የሄደ መሆኑን እናያለን። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። በምዕራቡ አገር ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ከሱዳን ተሻግረው በሳዮ ሕክምና ጀመሩ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው በ1940 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ርቀት ለድኻ ብቻ የተሰጠ ፈተና አልነበረም። በእንግሊዝ አገር የነርስነት ትምህርት የተማሩት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1934 ዓ.ም. በወለጋ፣ በለቀምት ሳሉ ከእርግዝና ጋራ በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ፣ ያውም አስታማሚነትን የተማሩ ሴት፣ ከአዲስ አበባ ርቀው ሳሉ እንዲህ ከሆኑ፣ በጊሚራና በከፋ ደን ውስጥ የምትኖረው ሴት ምን ትሆን እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ሚዛን ተፈሪ በቀድሞው የከፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የጊሚራ አገር ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ከአማን ጋራ ተዋሕዳ ሚዛን አማን ትባላለች፣ የቤንች ሸኮ ዞን ዋና ከተማም ናት። ለረጅም ዘመን ለአካባቢው ሕመምተኛ ትልቁ መጠጊያ የጅማ ሆስፒታል ነበር። እርሱም በ1930 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ለወታደሮቻቸው የሠሩት ሲሆን ከነፃነት በኋላ ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል ተብሎ ለሕዝቡ አገልግሎ ነበር። ከሚዛን እስከ ጅማ በዛሬው መንገድ እንኳ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በክረምት ጭቃ በሚሆንበት ጊዜ ሕመምተኛ በቃሬዛ ተይዛ፣ ሸካሚዎች እየተፈራረቁላት፣ ወንዝ የሞላ እንደ ሆነ ዳር ቁማ እየጠበቀች ትሄድ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ በቤታቸው ቀሩ። ሕመሙ ቁርጠት ነው ተባለ፤ ጤና አዳም ተቀመሰ፣ ዝንጅብል ተፈላ፣ ጠበል ተጠጣ። ልጅ ያልወለደች እንደ ሆነች ደግሞ ሕመሟን መናገር መካንነቷን መናገር መስሎ ስለሚታያት ዝም አለች።

ነገር ግን ርቀት ብቻውን ምክንያት አልነበረም። መንገዱ ከተገኘ በኋላም ገንዘብ ይጠየቃል። ሕመም ቀን አይመርጥም፤ ቡና ግን ቀን አለው። በደቡብ ምዕራቡ አገር ገንዘብ በእጅ የሚገኘው ቡና በሚለቀምበት ከጥቅምት ወዲያ ባሉት ወራት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የታመመች ሴት ባሏ ጊደሩን ይሸጣል፣ ወይም ገና በዛፍ ላይ ያለውን ቡና ለነጋዴ በርካሽ አስቀድሞ ይሰጣል፣ ወይም በአራጣ ይበደራል። በሆስፒታል ካርድ አለ፣ ምርመራ አለ፣ መድኃኒት አለ፤ ከዚህም በላይ የአስታማሚው ስንቅና ማደሪያ አለ። ቤተ ሰቡ ይህን ሁሉ አስልቶ «እስቲ ትንሽ ይቆይ፣ ይሻላት ይሆናል» ይላል። በዚያው ቀጠሮ ውስጥ ዕጢው ያድጋል። ድኻ ለሆነ ሰው የነፃ ሕክምና ወረቀት ይሰጠው ነበር፤ ሆኖም ወረቀቱን ለማግኘት ድህነትን ማስመስከር፣ ማመላለስና ደጅ መጥናት ስለሚያስፈልግ ድንገተኛ ሕመም ላይ የወደቀችውን ፈጥኖ የሚያደርስ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሕዝባችን ገንዘብን አስቀድሞ አዋጥቶ የመከራን ቀን መሻገርን የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። ዕድር በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ ታውቆ፣ ከጠላት ወረራ በኋላ በየከተማው ተስፋፍቶ፣ ዛሬ ከገጠር መንደር እስከ መሥሪያ ቤት የሌለበት ስፍራ የለም ለማለት ያስደፍራል። አባሉ በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፤ ሐዘን በደረሰ ጊዜ ድንኳኑ ይተከላል፣ ገንዘቡ ይሰጣል፣ እድምተኛው ይሰበሰባል። ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አብዛኛው ዕድር የሚከፍለው ለሞት እንጂ ለሕመም አልነበረም። በሆድ ዕጢ የምትሠቃየው ሴት በሕይወት ሳለች ለመታከሚያ የሚሆን ገንዘብ ከዕድሯ አታገኝም፤ የሞተች እንደ ሆነ ግን በማግሥቱ ለተዝካሯ ይሰጣል። ጎረቤቶቿ ክፉዎች አልነበሩም፤ ቃሬዛዋን የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። ጉድለቱ የልብ ሳይሆን የሥርዓት ነበር።

ይህ ሥርዓት የተለወጠበት ዘመን እጅግ ቅርብ ነው። በ1990 ዓ.ም. የጤና ገንዘብ አያያዝ መምሪያ ወጣ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ በየቀበሌው የሠለጠኑ ሴቶች ስለ ተመደቡ ለወንድ ለመናገር ታፍር የነበረችው ሴት የምትነግራት እኅት አገኘች። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአራት ክልሎች ውስጥ ባሉ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከእነዚህም አንዷ በጅማ ዞን ያለችው የቡና ወረዳ ሊሙ ኮሳ ነበረች። ሥራው በኋላ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ። አካሄዱ ለዕድርተኛ እንግዳ አይደለም፤ ቤተ ሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፣ መንግሥት ድጎማ ይጨምራል፣ ስለ እጅግ ድኾች መዋጮውን መንግሥት ይከፍላል። የታመመ ሰው መታወቂያውን ይዞ በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ አቅም በላይ የሆነ እንደ ሆነ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል። መዋጮው መኸር ከገባ በኋላ የሚሰበሰብ መሆኑ ለቡና አገር ሰው ትልቅ ማስተዋል ነው፤ የታኅሣሥ ገንዘብ የነሐሴን ሕመም ያስታምማልና። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው በእውነት እዚህ ላይ ይፈጸማል።

ሐኪም ቤቱም ቀርቧል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በሚዛን አማን የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ በቴፒና በቦንጋም ሆስፒታሎች አሉ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በጅማ፣ በሐዋሳና በመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች የጤና መኮንኖች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ትምህርት እየተሰጣቸው ወደ ገጠር ሆስፒታሎች መሰማራት ስለ ጀመሩ፣ የተጠመዘዘ ኦቫሪ ያለባት ሴት ሁሉ አዲስ አበባ ድረስ እንድትሄድ የምትገደድበት ዘመን አልፏል።

ይሁን እንጂ ሥራው ተፈጸመ ማለት አይደለም። ወሊድና የእርግዝና ክትትል በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው፤ ፊስቱላም በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን በመጡት በዶክተር ሬጂናልድና በዶክተር ካትሪን ሃምሊን በጎ ሥራ ያለ ክፍያ ይታከማል፤ ለደቡብ ምዕራቡም በመቱ ማእከል አለው። የኦቫሪ ዕጢ ግን ከነዚህ ወገን አይደለም። ስለ ሆነም ያው የሴት ሆድ ፅንስ ሲይዝ በነፃ ይታያል፤ ዕጢ ሲይዝ ዋጋ ይጠየቃል። መድኑ የሚመዘገበው በሚኖሩበት ቀበሌ ስለ ሆነ፣ ከሌላ አገር ለቡና ለቀማ ወደ በበቃና ወደ ቴፒ እርሻ የምትመጣ ሠራተኛ በመካከል ልትቀር ትችላለች። ደመወዝተኛውን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በደንቡም ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ሲታሰብ፣ አፈጻጸሙ ከ10 ዓመት በላይ ዘገየ። በዚያ ጊዜ ሁሉ ስለ መድን ለገበሬው ያስተማረው ሹምና መምህር ራሱ የሚስቱን ሕክምና ከኪሱ ከፍሏል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ሕክምናው ከተገኘ ሁለት መቶ ዓመት ሆኖታል፤ የመረዳዳት ልማዱም ከእኛ ዘንድ ነበረ። የጎደለው ሁለቱ የሚገናኙበት ድልድይ ነበር። መምህር የሆነ ተማሪዎቹን ከሆድ በታች የሚሰማ ሕመም ነውር እንዳልሆነ ያስተምር፤ ሹም የሆነ የመድኑን መዝገብ እንደ ግብር መዝገብ ሳይሆን እንደ ቃሬዛ ይመልከተው፤ የዕድር ዳኛም ማኅበርተኛው በሕይወት ሳለ የሚረዳበትን መንገድ ያስብ። ለቀብር የሚተከለው ድንኳን መልካም ነው፤ ነገር ግን እናት፣ እኅት ወይም ሚስት በሰዓቱ ታክማ ወደ ቡና ማሳዋ ስትመለስ ከማየት የሚበልጥ የጎረቤት ደስታ የለም።